የጋሼ ቸኮል መሰንቆ በአረጋሽ ኦርጋን

አረጋሽ ዋቅቶላ ቀን ቀን ንፋስ ስልክ አካባቢ ባለ ሳሙና ፋብሪካ ካርቶን ታሽጋለች፤ ከሥራ መልስ ደግሞ የቀበሌው ኪነት ቡድን ኦርጋን ተጫዋች ናት። በ1980 ዓ.ም. መርከበኛ ወንድሟ በኃይሉ፣ ክንድ የምታክል ኦርጋን አመጣላት። ኦርጋኗ ጉደኛ ነበረች፤ በማይክሮፎን የሰማችውን ድምፅ ቀድታ በየቁልፉ እያወፈረችና እያቀጠነች ታዜመዋለች። ችግሯ፣ ስትጠፋ የቀዳችውን ትረሳለች።

በከፍተኛው ሥር ያሉ ቀበሌዎች የሚገናኙበት የኪነት ውድድር ሦስት ሳምንት ሲቀረው የቡድኑ መሰንቆ መቺ ጋሼ ቸኮል ከጣራ ወድቀው ግራ እጃቸው ተሰበረ። የቡድኑ መሪ ከበበው «በቃ፣ ያለ መሰንቆ እንቀርባለን» አለ። አረጋሽ ግን ኦርጋኗን ይዛ ጋሼ ቸኮል ቤት ሄደች።

«ጋሼ፣ ቀኝ እጅዎ ደህና ነው አይደል? ደጋኑን አንዴ ብቻ ይሳቡልኝ።»

«ጭራውን የሚጫነው ግራ እጅ ከሌለ ምን ይዜማል? ያው አንድ ድምፅ ነው።»

«አንዱን እርስዎ ይስጡኝ፤ ሌላው የኔ ጣጣ ነው።»

እየሳቁ ሳቡላት። ስትሞክረው በስተቀኝ ጫፍ ያሉት ቁልፎች እንደ ትንኝ ጢዝ አሉ፤ የግራዎቹ እንደ በሬ አጓሩ።

«ይሄማ በረት እንጂ መሰንቆ አይደለም!» አሉ ጋሼ ቸኮል።

አረጋሽ እጅ አልሰጠችም። ማታ ማታ እየተመላለሰች ስትሞክር፣ መሰንቆ የሚመስሉት መሀል ላይ ያሉት ጥቂት ቁልፎች ብቻ መሆናቸውን ደረሰችበት። ዜማውን በነሱ ላይ አበጀችው። እሳቸውም አጠገቧ ተቀምጠው «እዚህ ጋ አትሩጪ፤ ትንሽ ይልቀስ» እያሉ አቃኗት።

በውድድሩ ቀን ጋሼ ቸኮል እጃቸውን በጨርቅ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው መጡ። ከመጋረጃው ጀርባ ደጋኑን አንዴ ሳቡ፤ አረጋሽ ቀዳችና መድረክ ላይ ወጣች። ጨዋታው ሲጀመር ሕዝቡ መሰንቆ መቺውን ፍለጋ አንገቱን አሰገገ። ሲያልቅ ከዳኞቹ አንዷ፣ ጓድ ፀሐይወርቅ፣ «መሰንቆ መቺው ለምን ተደበቀ? ይውጣ እንጂ!» አሉ።

ጋሼ ቸኮል እጃቸው እንደታሰረ ብቅ አሉ።

«ድምፁ የኔ፣ ጨዋታው የሷ ነው» አሉ። «አርባ ዓመት መሰንቆ ስመታ እንዲህ ያለ ጆሮ አልገጠመኝም።»

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

ቡድኑ ሁለተኛ ወጣ። ከበበው አንደኝነቱ አመለጠን ብሎ ቢያጉረመርምም አረጋሽ ግድ አልሰጣት። በሳምንቱ አንድ በገና ደርዳሪ አዛውንት በገናቸውን ይዘው ከከተማው ዳር፣ ከፉሪ፣ በእግራቸው መጥተው በሯን አንኳኩ።

«ድምፅ የምትቀጂው አንቺ ነሽ?»

«አዎ አባባ፣ እኔ ነኝ» አለች ቀና ብላ። «ይግቡ።»