ሐሙስን ጁምዓ ያልኩ ዕለት

ዛሬ ጠዋት እናቴን ገላዋን ላጥባት ብል እምቢ አለችኝ። ውሃው ሞቋል፣ የኮምቦልቻ ፀሐይም ግቢያችን መሃል ገብታለች። እሷ ግን ነጠላዋን ጥብቅ አድርጋ ይዛ «ዛሬ ጁምዓ ነው እንዴ?» አለች። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ቀኑ ይምታታባታል። በየጁምዓው ጂዳ ያለው ወንድሜ ይደውላል፤ ለእሱ ድምፅ ካልሆነ መሰናዳት አትወድም። «አዎ» ልላት አፌ ላይ ደረሰ። ወዲያው ሪያድ፣ ሱለይማኒያ ሰፈር፣ የማማ ሙኒራ ቤት ትዝ አለኝና ዋጥኩት።

ያኔ ሃያ ሦስት ዓመቴ ነበር። ኮሮና ከመግባቱ በፊት በነበረው የሪያድ ብርድ፣ ጀራዲያ በሚባለው ሰፈር ከሦስት የአገሬ ልጆች ጋር አንዲት ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። በየጠዋቱ ሱለይማኒያ ሄጄ፣ ማማ ሙኒራን ለአራት ሰዓት ያህል ተንከባክቤ እመለሳለሁ። ሰማንያን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ሽቶ የሚወዱ አሮጊት ነበሩ። ትናንት የሆነውን ሁሉ ይረሳሉ፤ ጁምዓን ግን ምን ቢሆን አይረሱም። ገላቸውን የሚታጠቡት፣ ፀጉራቸውን ዘይት ተቀብተው የሚሠሩት ለጁምዓ ብቻ ነው፣ ያውም በእኔ እጅ። ከሶላት በኋላ ልጆቻቸውና የልጅ ልጆቻቸው ለምሳ ይመጣሉ፤ ቤቱም በሄልና በሩዝ ሽታ ይታወዳል።

ሰዒድ የሚባል የባቲ ልጅ ነበር። ሺፋ ሰፈር ግንባታ ይሠራል፤ ዝምተኛ፣ ሲስቅ ዓይኑ የሚጠፋ። ቅዳሜ ጠቅልሎ አገሩ ሊገባ ነው። የአገር ልጆች ለመሸኛው መኪና ተከራይተን ጁምዓን ከከተማ ውጪ፣ አሸዋው ላይ ልንውል ተስማማን። እንጋባ ብሎኝ ነበርና «መልስሽን እዚያ ትነግሪኛለሽ» አለኝ። መልሴማ እሺ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ዓይኔን በጨፈንኩ ቁጥር ያ አሸዋ ይመጣል፤ በዝናብ ርሶ ቀላ ያለ፣ ፍም ላይ ሻይ የተጣደበት።

የማማን ልጅ ኑራን ፈቃድ ብጠይቃት፣ «እናቴ ከታጠበችልኝ ሌላው ግድ የለም» አለች። ታዲያ ሸይጧን ሹክ አለኝ። ሐሙስ ጠዋት ገና ስገባ ማማ «ጁምዓ ነው?» ሲሉኝ «አዎ» አልኳቸው። ደስ አላቸው። አጠብኳቸው፣ ፀጉራቸውን ሠራሁ፣ ሰማያዊ ቀሚሳቸውን አለበስኳቸው። ኸላስ፣ ነገ ነፃ ነኝ! ስወጣ ወንበራቸው ላይ ሆነው በር በሩን ያዩ ነበር። ማንን እንደሚጠብቁ እንኳ አላሰብኩም።

በማግስቱ እንቁላል ቀቅዬ፣ ዳቦ ጠቅልዬ መኪናው ውስጥ ከሰዒድ ኋላ እንደተቀመጥኩ ኑራ ደወለች። እናቷ ትናንት እስኪመሽ በር ላይ ጠብቀው፣ ልጆቼ ረሱኝ ብለው ሲያለቅሱ ነው ያደሩት። ጁምዓ ነገ ነው ብትላቸው «ታዲያ ማን አጠበኝ?» ብለው አላመኗትም። አሁንም እህል አልቀምስም፣ ማንም ዓይኔን አያይም ብለዋል። የእጄን አገኘሁ። ሹፌሩን አውርደኝ አልኩት።

ሰዒድ ዞሮ አየኝና ቀስ ብሎ «ሌላ ሰው የለም?» አለ።

«እኔ ነኝ የዋሸኋቸው» አልኩት።

መልሴን በስድስት ሰው ፊት ልንገረው? አፈርኩ። እንቁላሉን ትቼላቸው ወረድኩ።

ማማ እግር ሥር ተንበረከክሁ። «ትናንት ሐሙስ ነበር። ልጆችዎ አልረሱዎትም፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ» አልኳቸው።

እጄን ይዘው «እንግዲያው ፀጉሬን ሥሪልኝ፣ ይመጣሉ» አሉ። መጡም። በምሳ ሰዓት ሳቃቸው ማድቤት ድረስ ይሰማኝ ነበር። እሳቸው ትናንትን ረስተውታል።

ማታ ለሰዒድ ብደውል አላነሳም። ቅዳሜ በረረ። ለካ መውረዴን መልስ አድርጎ ወስዶታል፤ በዓመቱ ባቲ ላይ አገባ ሲሉ ሰማሁ። አልቅሻለሁ፣ ምን እዋሻለሁ። እስከ ዛሬ ግን አንዳንዴ በሕልሜ ያ አሸዋ ይመጣል። እንቁላሉ አልተላጠም፤ ማማ ሙኒራ በሰማያዊ ቀሚሳቸው በእኔና በሰዒድ መሃል ተቀምጠው ቀኑን ይጠይቁናል።

እናቴ አሁንም ታየኛለች። ውሃው ሊቀዘቅዝ ነው።

«ሐሙስ ነው እማ። ጁምዓ ነገ ነው» አልኳት።

«እንግዲያው ነገ ታጥቢኛለሽ» አለች።

«እሺ» አልኳት። ይህችን አንዲት ቃል ያን ጠዋት መኪናው ውስጥ ብያት ቢሆን ኖሮስ? እላለሁ አንዳንዴ። ከዚያ ውሃው እንዳይባክን ራሴ ታጠብኩበት።