ለልክነሽ ትከሻ የሚሆን ጠመንጃ

ልክነሽ እናት አባቷ ያወጡላት ስም አይደለም፤ ደንበኞቿ ናቸው ያወጡላት። ልብስ ሰፊ ናት። ሰው ገና ከበሩ ሳያልፍ ወገቡንና የእጅጌውን ርዝመት በዓይኗ ለክታ ትናገራለች፤ ሜትሩ ሲዘረጋም እንዳለችው ይሆናል። አንዲት ቀልደኛ ደንበኛ «ልክ ነሽ፣ ልክ ነሽ» ስትል ስትል ስሙ ተጣብቆ ቀረ። ባሏ ሳይቀር በዚሁ ይጠራታል።

ደግሞ ድምፅ አትወድም። መንገድ ላይ ጎማ ሲፈነዳ ጣቷን በመርፌ ትወጋለች፤ ፊኛ የያዘ ሕፃን ወደ ሱቋ ሲመጣ «እስቲ እሱን ውጭ አስቀምጠህልኝ ግባ» ትላለች። ስለዚህ ልክነሽ ጠመንጃ ገዛች ሲባል የሰማ ሁሉ «ሌላ ልክነሽ አለች እንዴ?» ብሎ ነበር የጠየቀው።

ነገሩ የጀመረው ባሏ ጡረታ ሲወጣ ነው። ዕድሜውን ሙሉ የከተማ አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ፣ መሪውን ባስረከበ ማግስት ከእንግዲህ ጥሩምባ የማይሰማበት ቦታ ነው የምኖረው ብሎ ተነሣ። ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወንዙን ተሻግሮ፣ ጫካው ጥግ ላይ አንዲት ባለ ሁለት ክፍል ቤት አገኘ። በረንዳ አላት፣ ጓሮ አላት፣ ከላይ ካለው ምንጭ በቧንቧ የሚወርድ ውሃም አላት። ልክነሽ የከተማውን ሱቅ ለሥራ ባልደረባዋ ትታ፣ አንዷን የስፌት መኪናዋን ይዛ ተከተለችው። መኪናዋን መስኮቱ ሥር አቆመች፣ ጓሮው ላይ ድንችና ካሮት ተከለች፣ ኑሮ ተጀመረ።

የመጀመሪያው ክረምት ጉድ ይዞ መጣ። ወንዙ ሞልቶ ድልድዩን ዋጠው። መብራት ጠፋ፣ ስልኩ ኔትወርክ አጣ፣ መውጫ መግቢያ ታጣ። በዚያ ላይ ከርከሮዎች ከጫካው ወርደው የድንቹን መደብ ያርሱት ጀመር። ሾፌሩ በረንዳው ላይ ቆሞ ድስት በጭልፋ ሲደበድብ፣ ትልቁ ከርከሮ ቀና ብሎ አየው፣ አየውና ወደ ድንቹ ተመለሰ። ሰውየውን እንቅልፍ የነሳችው ይህች ንቀት ናት።

ውሃው ጎድሎ ድልድዩ ሲከፈት ሾፌሩ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ድንገተኛ አደጋ ሲመጣ ምን ይያዛል፣ ጫካ ውስጥ አውሬ ሲያጋጥም ምን ይደረጋል የሚሉ ቪዲዮዎችን ስልኩን አፍንጫው ድረስ አስጠግቶ ሲያይ ይውላል። መጀመሪያ የእጅ ባትሪ ገዛ፤ ቀጥሎ ገመድ፣ ጀሪካን፣ የታሸገ ምግብ፣ በእጅ እየተሽከረከረ የሚሠራ ሬዲዮ። ልክነሽ ይህን ሁሉ ደግፋለች፤ ሣጥኑንም አብራው አስተካክላለች። ጠመንጃው ላይ ሲደርስ ግን መቀሷን አስቀመጠች።

የሚመኘው መነጽር የተገጠመለት፣ ከማዶ ተራራ ላይ ያለ ነገር የሚጥል ረጅም ጠመንጃ ነው። በተጨማሪም ወገብ ላይ የሚታጠቁት ሽጉጥ። ድንቹን ከማዶ ተራራ ሆነህ ነው እንዴ የምትጠብቀው ብላ ጠየቀችው። እሱም በረጅሙ ተነፈሰና፣ መዘጋጀት ማለት የማይታሰበውን ማሰብ እንደሆነ ምሳ እስኪቀርብ አስረዳት።

ጠመንጃ ለመያዝ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ለፈቃዱ ደግሞ የጤና ምርመራ። ሾፌሩ ጫማውን አስጠርጎ፣ የድሮ የደንብ ኮቱን ለብሶ ሄደ። ሐኪሙ ግድግዳው ላይ ያሉትን ፊደላት እንዲያነብ ሲጠይቀው ትልልቆቹን አነበበ፤ ከዚያ በታች ያሉትን ከራሱ እየፈጠረ ቀጠለ። ቀኝ ዓይኑ ላይ ሞራ ወጥቶበት ኖሯል። ሳይታከም ፈቃድ አይሰጥም፣ የሕክምናው ወረፋም ሩቅ ነው። ቤት ሲገባ ኮቱን ሳያወልቅ ተቀመጠ። ልክነሽ አዘነችለት፤ ይህ ሰው ስንት ዘመን ሲነዳ አንድ ቀን የሰው መስታወት ገጭቶ አያውቅም። ሻይ ቀድታለት አጠገቡ ተቀመጠች። እሱ ሻዩን አየ፣ ቀጥሎ እሷን አየ።

«አንቺስ?» አላት።

«እኔ ምን?»

«ያንቺ ዓይን እኮ ጥቁር ክር ጥቁር መርፌ ውስጥ ይከታል።»

እሺ አላለችም። ከሰነበተች በኋላ ሐሳቧን ያላላው የደን ጠባቂው ነበር። ጎረቤታቸው ነው፤ ጎጆው ከእነሱ ቤት ቁልቁል፣ መንገዱ ዳር ነው። አንድ ቀን በረንዳው ላይ አረፍ ብሎ ሲያጫውታቸው፣ አብዛኛው አውሬ ድምፅ ከሰማ እንደሚሸሽ፣ ግልገል የያዘች ከርከሮ ግን ሌላ ነገር እንደሆነች፣ አንድ እንጨት ቆራጭ ጭኑን እንደተዘነጠለ ነገራት። እሱ ራሱ ሥራው ሩቅ ስለሚወስደው ሁልጊዜ ሊደርስላቸው አይችልም። ልክነሽ ነገሩን ከተማ ላለችው ነርስ ልጇ በስልክ አማከረቻት። ልጇ አልተቃወመችም፣ ግን ፍርጥም ብላ ተናገረች።

«እማዬ፣ ልጆቼ እዚያ ቤት የሚመጡት ጠመንጃው በቁልፍ፣ ጥይቱም በሌላ ቁልፍ ከተቀመጠ ብቻ ነው። ቁልፎቹ ደግሞ አንቺ ጋ ይሁኑ።»

ሾፌሩ ከጎን ሆኖ ይሰማ ስለነበር ከንፈሩን ጣለ። ልክነሽ ስልኩን ዘጋችና ወደ እሱ ዞረች። እሺ፣ አለችው፤ መራጯ ግን እኔ ነኝ፣ አንተ ሱቁ ውስጥ ትንፍሽ አትልም። ሾፌሩ ማለ። ልክነሽ ምርመራውን አልፋ ፈቃዱን አወጣች፤ መሐላው ግን የቆየው እስከ ሱቁ በር ድረስ ነበር።

ባለሱቁ መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ፣ ረጋ ያለ ሽማግሌ ነው። ገና ቁጭ ከማለታቸው ለምን እንደፈለጉት፣ የት እንደሚቀመጥ፣ ቤት ውስጥ ልጅ ይኖር እንደሆነ ጠየቀ። ልክነሽ አፏን ሳትከፍት ሾፌሩ መለሰ፤ ያልተጠየቀውንም ጨመረበት። ሽማግሌው በትዕግሥት አዳመጠና፣

«ጋሼ፣ የሚሸከሙት እርስዎ ነዎት?» አለ።

ሾፌሩ ወደ ጣሪያው ማየት ጀመረ።

ሽጉጡ መጀመሪያ ወጣ። ትንሽ ነው፣ ኪስ ይገባል፣ ልክነሽም ለአፍታ ወደደችው። ሽማግሌው ግን እውነቱን አልደበቃትም፤ አፈሙዙ አጭር ስለሆነ በደነገጠ እጅ ዒላማ ለመምታት ከሁሉ የሚያስቸግረው እሱ ነው። ቀጥሎ ያ የባሏ ሕልም፣ ባለ መነጽሩ መጣ። ሾፌሩ ዓይኑ እንባ አቀረረ ቢባል ውሸት አይደለም። ልክነሽ አነሣችው፤ ክብደቱ ክንዷን ቁልቁል ጎተተው። የዚህ ጥይት ዒላማውን ቢስት ከወንዙ ማዶ ያለ ቤት ድረስ ሊሄድ እንደሚችል ሽማግሌው ሲነግራት፣ እንደጋለ ካውያ ቶሎ መለሰችለት። ከወንዙ ማዶ ደንበኞች አሏት።

በመጨረሻ ጥግ ላይ የቆመ ባለ ሁለት አፈሙዝ የአደን ጠመንጃ አመጣ፤ ብትን አረር የሚተኩስ፣ ከቅርብ ብርቱ ሆኖ ሩቅ የማይሄድ። ጥይት ይኑረው አይኑረው መሐሉን በማጠፊያው ሰብረው ከፍተው በዓይን ያዩታል፤ ምንም የተደበቀ ነገር የለውም። ይህ ልቧ ውስጥ ገባ። ትከሻዋ ላይ ስታስደግፈው ግን ሰደፉ ረዘመባት፣ አንገቷን ማስገግ ግድ ሆነ። ሽማግሌው ከመሳቢያው ሜትር አወጣና ክንዷን ከክርኗ እስከ ጣቷ ይለካ ጀመር። ልክነሽ ሳቅ አመለጣት። የስንቱን ክንድ ስትለካ ኖራ፣ እሷን ሰው ሲለካት መኮርኮሩን ያወቀችው ያን ቀን ነው።

«ከሰደፉ ላይ ሁለት ጣት ይቆረጥ፤ ጠርዙ ላይ ደግሞ ላስቲክ ይደረግበት» አለች።

«እኔም እሱን ልል ነበር» አለ ሽማግሌው።

ከሱቁ ሲወጡ ጠመንጃው እስኪስተካከል እዚያው ቀርቶ፣ የያዙት ሁለት ባለ ቁልፍ የብረት ሣጥኖች፣ የጆሮ መከለያና ፊሽካ ነበር። ሽማግሌው ከሁሉ በፊት የምትጠቀሙበት ፊሽካውን ነው ስላለ፣ ሾፌሩ እስከ ቤት ድረስ አኮረፈ። ሊታጠቅ መጥቶ ፊሽካ ይዞ መመለሱ አልተዋጠለትም።

መለማመጃው ሜዳ ላይ ያስተማራትም ያው ሽማግሌ ነው። አፈሙዙ መቼም ወደ ሰው አይዞርም፤ ጣት ከመተኮስ በፊት ቃታው ላይ አይወጣም፤ ሲሄዱ መሐሉ ተሰብሮ፣ ባዶነቱ እየታየ ነው። ይህን በቃሏ ካስያዛት በኋላ ተኮሰች። የዒላማውን ወረቀት ንክች አላለውም። ልክነሽ የተኮሰችው ዓይኗን ጨፍና ነበር። ያን ቀን ሁለተኛ አልሞከረችም። በሌላ ቀን ስትመለስ ግን የስፌት መኪና ስትለምድ እንዳደረገችው አደረገች፤ ሳትቸኩል፣ ትንፋሿን እየሰበሰበች፣ ቃታውን እንደ መኪናው ፔዳል ለስለስ አድርጋ። ወረቀቱ ተበሳሳ። ሾፌሩ የአውቶቡስ መናኸሪያው ድረስ ሄዶ ለድሮ ጓደኞቹ አወራ፤ ሲያወራም ወረቀቱን ከርከሮ አደረገው።

ሁለተኛው ክረምት ገባ። ወንዙ ድልድዩን እንደገና ዋጠው፣ ስልኩም ዝም አለ። አንድ ከሰዓት በኋላ ውሃው ከቧንቧው ስለቀረ፣ ሾፌሩ አካፋ ይዞ ወደ ምንጩ ወጣ። ልክነሽ ፊሽካውን በግድ አንገቱ ላይ አጥልቃለት ነበር። ጃኬት እየጠቀመች ሳለች ከላይ ፊሽካ ተነፋ፤ ዝም አለ፤ ደግሞ ተነፋ። መርፌዋን ጨርቁ ላይ ሰክታ ተነሣች። ሣጥኑን ከፈተች፣ ጥይቱን ከሌላው ሣጥን አወጣች፣ ጠመንጃውን መሐሉን ሰብራ ክንዷ ላይ አድርጋ ዳገቱን ተያያዘችው። እጇ ሥራውን ያውቅ ነበር።

ሾፌሩ የውሃ ማጠራቀሚያው ክዳን ላይ ቆሟል። አንድ እግሩን አንሥቷል፤ ጫማው ታች ጭቃ ውስጥ ነው። ከሥሩ አንዲት ከርከሮ ወዲያ ወዲህ ትላለች፣ ኋላዋ ቁጥቋጦው ውስጥ ግልገሎቿ ይንጫጫሉ።

«ምቻት!» አለ።

ልክነሽ አየች። ከርከሮዋ ባሏ ሥር ናት፣ ባሏም ከከርከሮዋ በላይ ነው፤ አረሩ ደግሞ ብትን ነው። ይህ የሚተኮስበት ቦታ አልነበረም። በስተቀኝ፣ ሰውም እንስሳም በሌለበት በኩል፣ ዝናብ ያራሰው የአፈር ግድግዳ አለ። ጥይቱን አጎረሰች።

«ጆሮህን ያዝ» አለችው።

ሳይጠይቅ ያዘ። በኑሯቸው ያለ ክርክር የታዘዛት ያኔ ብቻ ይመስለኛል። ተኩሱ ጫካውን አናጋው፣ ጭቃው ተረጨ፣ ከርከሮዋ ጭራዋን እንደ አንቴና አቁማ፣ ግልገሎቿን አስከትላ እግሬ አውጪኝ አለች።

ሾፌሩ ሲወርድ ቁርጭምጭሚቱ ተጠማዝዞ ሎሚ አክሏል። ተደግፏት ቁልቁል ሲወርዱ፣ ብትስቺ ምን ይኮን ነበር አላት። ጭቃውን ነው የምስተው? ብላ መለሰችለት። ሁለቱም ሳቅ ይዟቸው መንገድ ላይ ቆሙ። ቤት ሳይደርሱ የደን ጠባቂው ተኩሱን ሰምቶ ትንፋሹ እየተቆራረጠ ደረሰ፤ እግሩን ዳሰሰና አጥንት እንዳልተሰበረ አረጋገጠ። በፋሻ አሰሩት። ድልድዩ እስኪከፈት ሾፌሩ ከአልጋው ሆኖ ሬዲዮውን ሲያሽከረክርና የታሸገ ምግቡን ሲያስከፍት ሰነበተ፤ ያከማቸው ዕቃ ሁሉ ሥራ ላይ በመዋሉ ደስታው ልክ አልነበረውም።

በበጋው የዓይን ሕክምናው ተራ ደረሰ። ፋሻው ሲነሣለት አጠገቡ የቆመችው ልክነሽ ነበረች። ትኩር ብሎ አያትና ፀጉርሽ መቼ ነው እንዲህ የሸበተው አላት። አንተ ጠመንጃ ስታማርጥ፣ አለችው። አሁን ፈቃድ ማውጣት ይችል ነበር፤ ልክነሽም ይጠይቃል ብላ ጠበቀች። አልጠየቀም። ይልቅ ጓሮውን ከደን ጠባቂው ጋር ሆኖ ጠንካራ አጥር አጠረለት።

እሷ ደግሞ ከተረፈ የዝናብ ልብስ ጨርቅ፣ ውስጡ ስፖንጅ ያለው የጠመንጃ መያዣ ቦርሳ ሰፋች፤ እርጥበት እንዳይገባ ስፌቱን ደርባ። ለልምምድ ስትሄድ ሽማግሌው አይቶት አገላበጠው፣ ዚፑን ከፈተ ዘጋ፣ ለሱቁ እንድትሰፋለት ጠየቃት። አሁን ዝናብ ሲጥል መስኮቱ ሥር ተቀምጣ እሱን ትሰፋለች። ሾፌሩ ጨርቁን ይይዝላታል፣ ቁመቱን እያነበበም ይነግራታል። አንዳንዴ ይሳሳታል፤ ያን ጊዜ ሜትሩን ከእጁ ተቀብላ ራሷ ትለካና መቁረጧን ትቀጥላለች።