የሻንጣ ተሸካሚው አራተኛ ሥራ

ሰፈሩ «ሻንጤ» ይለዋል። ስሙ የወጣለት በትልቁ ሆቴል በር ላይ አሥራ ሦስት ዓመት ሻንጣ ሲሸከም ነው። ኋላ ሻንጣ ሁሉ እግር አወጣ፤ ከሥሩ ጎማ ተገጠመለት። እንግዳው ራሱ እየጎተተ ሲገባ የሻንጤ ሥራ እጁን አጣጥፎ መንገድ መልቀቅ ብቻ ሆነ። ሆቴሉም ለዚህ ሥራ ሰው አያስፈልገኝም አለ።

የአጎቱ ልጅ የአውሮፕላን ትኬት ቢሮ ነበረውና እዚያ ገባ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ሰው ትኬቱን በስልኩ መቁረጥ ጀመረ። ቢሮው ተዘግቶ ጫማ ቤት ተከፈተበት።

ከዚያ አስጎብኚ ሆነ። ይህን ሥራ ወደደው። የሚያውቀውን ተናግሮ ሲጨርስ የማያውቀውን ይቀጥላል። አንድ ቀን ፖስታ ቤቱ ፊት ቆሞ፣ «ይህ ሕንፃ አምስት መቶ ዓመቱ ነው፤ ንጉሥ ተደብቆበታል» ሲል አንዲት ጎብኚ ስልኳን አየት አደረገችና፣ «እዚህ ስድሳ ዓመቱ ነው ይላል» አለችው።

«ስልኩ መቼ ተወለደና ነው?» አላት።

ጎብኚዎቹ በሳቅ ፈረሱ። የአስጎብኚ ድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ግን ሲሰማ አልሳቀም፤ አሰናበተው።

ሚስቱ በዚህ ሁሉ ዘመን የዚያው ሆቴል አንሶላ አጣቢ ነበረች። ሆቴሉ እጥበቱን ለውጭ ድርጅት ሲሰጥ እሷም ወጣች። ግን ቁጭ አላለችም፤ ሁለት ማሽን ገዝታ አፓርታማቸውን በቀን ለሚያከራዩ ሰዎች አንሶላና ፎጣ ማጠብ ጀመረች። ሥራው ሲበዛባት የሚያደርስላት ሰው ፈለገች።

«እኔ አለሁ አይደል?» አላት ሻንጤ።

«ልምድ አለህ?»

«አንቺ ሴትዮ፣ አሥራ ስምንት ዓመት አብረን ኖረን?»

«እሱ የትዳር ልምድ ነው። እኔ የሥራውን ነው የጠየቅኩህ።»

ቀጠረችው፤ ግን አስጠነቀቀችው። «አንሶላውን አንጥፈህ ትወጣለህ። ወሬ የለም።»

አንድ ወር ታዘዘ። በአምስተኛው ሳምንት አራተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ ቤት ውስጥ አልጋ ሲያነጥፍ ሁለት ሽማግሌ ባልና ሚስት ከሰዓታቸው ቀድመው ደረሱ። የቤቱ ባለቤት መሰላቸው። ሻንጤም አላስተባበለም። ሻንጣቸውን ተቀበለ፣ የሙቅ ውሃው ቧንቧ በየት እንደሚዞር አሳየ፣ በመስኮቱ በኩል ጥሩ ዳቦ ቤት ጠቆመ።

በሦስተኛው ቀን እውነተኛዋ ባለቤት ለሚስቱ ደወለች።

«እንግዶቼ አስተያየት ጽፈዋል። ‹ባለቤቱ እጅግ ደግ ሰው ናቸው፤ ቤቱንም አያታቸው በእጃቸው እንደሠሩት ነግረውናል› ይላል።»

ሚስቱ ዞር ብላ ሻንጤን አየችው። የትራስ ልብስ እያጠፈ ነበር፤ ከወትሮው ይልቅ በጥንቃቄ።

«ይቅርታ እትዬ፣ ዛሬውኑ አባርረዋለሁ።»

«ለምን ብለሽ? እኔ የደወልኩት ሌሎቹንም እንግዶች እንዲቀበልልኝ ነው። ታውሺኛለሽ?»

ሚስቱ ትንሽ አሰበች። «ለብቻው አይሰጥም» አለች። «ከአንሶላው ጋር ነው የሚሄደው። የቀሩት አምስት ቤቶችዎም እጥበት ወደ እኔ ይምጣ።»

ተስማሙ። ስልኩን ዘግታ ወደ ባሏ ዞረች።

«ለመሆኑ አያትህ ስንት ቤት ነው የሠሩት?»

«ስድስት» አላት፣ ማጠፉን ሳያቆም።