የጋሽ ኦይቻ ወገብ በአብላጫ ድምፅ

ሥራ በጀመርኩ ቀን ርዕሰ መምህሩ የክፍለ ጊዜ ሰሌዳ፣ የስም መጥሪያ፣ አንድ ፓኮ ጠመኔና የቤተ ሙከራውን የፕላስቲክ አፅም አስረከቡኝ። አፅሙን ፈርሜ ወሰድኩ። የባዮሎጂ መምህር ነኝ።

የትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ጋሽ ኦይቻ የጨንቻ ሰው ናቸው። የወገብና የአንገት መገጣጠሚያቸው ስለሚያማቸው፣ ሰሌዳ ላይ ጽፈው ወደ ተማሪ ሲዞሩ እንደ ቁም ሳጥን በሙሉ አካላቸው ነው የሚዞሩት። ርዕሰ መምህሩ፣ “እንዲህ ከቀጠለ ወደ ንብረት ክፍል ማዛወራችን ነው” አሏቸው። ሐኪም ደግሞ አከርካሪ አጠገብ የሚወጋ መርፌ እንዲያስቡበት ነግሯቸዋል። ሁለቱንም ፈሩ።

እኛ ትምህርት ቤት መወሰን ያቃተ ነገር ሁሉ ወደ መምህራን ስብሰባ ይሄዳል። የጋሽ ኦይቻ ወገብም ከመጸዳጃ ቤት ቁልፍ ቀጥሎ ሦስተኛ አጀንዳ ሆኖ ተያዘ።

ማብራሪያ እንድሰጥ ተመደብኩ። አፅሙን ተሸክሜ ገባሁ፤ የወገብ አንጓዎቹን በቀይ ጠመኔ ቀባሁ። መርፌው ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት መሆኑን፣ ያረጀ መገጣጠሚያ እንደማያድስ፣ ሕመሙን ለሳምንታት ወይም ለወራት ሊያስታግስ እንደሚችል፣ አንዳንዱን ሰው ግን ጭራሽ እንደማይረዳ ዘረዘርኩ።

“እኛ ጋ ሽማግሌ ዱቡሻ፣ የሸንጎው አደባባይ ላይ፣ የሚቀመጠው የተጣላ ሊያስታርቅ ነው” አሉ ጋሽ ኦይቻ። “እናንተ ለእኔ ወገብ ተቀመጣችሁ!”

“ሥነ ሥርዓት! እጅ አውጥተው ይናገሩ” አሉ ርዕሰ መምህሩ።

“እጄ ከዚህ በላይ አይወጣም።”

ጋሽ ኦይቻ በቃለ ጉባኤው ድምፀ ተአቅቦ አድርገዋል ተብለው ተመዘገቡ። መርፌው ወገብ ላይ እንዲሆን በአብላጫ ድምፅ ተወሰነ።

በባጃጅ ወደ ሐኪም ቤት ይዣቸው ሄድኩ። ማኅተም ያረፈበት ውሳኔ በእጄ ነበር።

“የት ነው የሚብስብዎት፣ አባቴ?” አለቻቸው ሐኪሟ።

“አራተኛውና አምስተኛው የወገብ አንጓ መሃል” አልኩ።

“አንተን ነው የሚያምህ?”

ጋሽ ኦይቻ ቀስ ብለው፣ “ወገቤንስ ለምጄዋለሁ። የጨረሰኝ አንገቴ ነው። ልጆቹን ዞሬ ማየት አቃተኝ” አሉ።

ሐኪሟ የአንገት መርፌ የበለጠ ጥንቃቄ እንደሚጠይቅ ነገረቻቸው። ፊዚዮቴራፒ አስቀድመው እንዲሞክሩ፣ ካልበቃቸው ስለ መርፌው ራሳቸው እንዲወስኑ ተስማሙ። “ለምን ተቀምጠው አያስተምሩም?” ብላም ጠየቀቻቸው። ይህን ስብሰባ ላይ ማንም አላነሳውም።

አሁን ፊታቸውን ወደ ተማሪዎቹ አድርገው ተቀምጠው ያስተምራሉ፤ ሰሌዳው ላይ ተማሪዎቹ በተራ ይጽፋሉ። የንብረት ክፍሉ ነገር ቀረ። ርዕሰ መምህሩ ግን ውሳኔው ባለመፈጸሙ በጽሑፍ ምክንያት እንዳቀርብ አዘዙኝ፤ አቀረብኩ።

የታመመን ሰው ከማስረዳት በፊት የት እንደሚያመው መጠየቅ ያስፈልጋል።