ከግቢ የማይወጣው የሳጅን ሳይክል

ስለ ጎረቤቴ ስለ እትዬ ጥሩወርቅ ጤና በውስጥ መስመር የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ... ደህና ናቸው፣ እግዚአብሔር ይመስገን። የተሰበረው ዳሌያቸው ገጥሟል፤ ቤት ውስጥ በከዘራ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ባሕር ዳር ያለችው ልጃቸውም ወንድ ልጅ በሰላም ተገላግላለች። ምግብም ይበላሉ። ያልዳነላቸው አንድ ነገር ነው... የእህታቸው ናፍቆት።

እህታቸው እማሆይ የሚኖሩት ከጅጋ ወረድ ብሎ፣ አንዲት የገጠር ቤተ ክርስቲያን አጠገብ ነው። ዓይናቸው ስለደከመ እዚህ ፍኖተ ሰላም ድረስ መምጣት አይችሉም። እትዬም ከወደቁ ወዲህ አልሄዱም፤ ይኸው ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው። ችግሩ ከአስፋልቱ በኋላ ያለው ዳገት የበዛበት የእግር መንገድ ነው። መሐሉ ላይ ያለችው የእንጨት ድልድይ ባጃጅ አታሳልፍም። በቅሎ ደግሞ ሐኪሙ ከልክሏል። በቃሬዛ እንውሰድዎ ሲሏቸው «ነፍሴ ሳትወጣ ቃሬዛ ላይ አልተኛም» ብለው ተቆጡ።

ባለቤታቸው ሳጅን ውበቱ ጡረታ የወጡ የትራፊክ ፖሊስ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ መንገድ ላይ ቆመው ነው ያረጁት። አንድ ጊዜ የገዛ ወንድማቸውን ባጃጅ፣ ታርጋው በጭቃ ተሸፍኗል ብለው አስቁመው፣ እናታቸው ሁለት ፋሲካ አኩርፈዋቸዋል አሉ።

እኒህ ሰውዬ በረንዳቸው ላይ ቁጭ ብለው የድሮ ሳይክላቸውን ፈቱት። የኋላው ጎማ መሐል የሚገባ የኤሌክትሪክ ሞተር ከአዲስ አበባ አስመጡ። ባትሪውን በእንጨት ሣጥን አድርገው ከመሪው ሥር አሰሩት። ከተበላሸ ባጃጅ ወንበር ቆርጠው፣ መደገፊያ ያለው መቀመጫ ከኋላ ገጠሙ። መብራት በመጣ ቁጥር ቻርጅ ነው... እኔ በአጥሩ ቀዳዳ እያየሁ ስንት ወጥ አሳርሬያለሁ።

ተሠርቶ አለቀ። ሄደም። ግን ከበር አላወጡትም። ታርጋ የለውማ...

ትራንስፖርት ቢሮ ሄደው አመለከቱ። ወጣቱ ባለሙያ ሳይክል እንዳይለው ሞተር አለው፣ ሞተር እንዳይለው ፔዳል አለው፤ ተቸገረ። የሻንሲ ቁጥር ጠየቃቸው፣ የለም። የት እንደተሠራ ሲጠይቃቸው «በረንዳዬ ላይ» አሉት፤ ልጁም እንደዚያው ጻፈ። የበላይ አካል ጠይቄ አሳውቅዎታለሁ ብሎ በአክብሮት ሸኛቸው።

እኛ ጎረቤቶች ገፋፋናቸው። የገጠር መንገድ ነው፣ እዚያ ደግሞ ማን ያያል፣ አልናቸው።

«እኔ አያለሁ» አሉ።

ግቢያቸው ግን የራሳቸው ነው። በየጠዋቱ እትዬን ከኋላ ያስቀምጡና ግቢው መሐል ያለውን የአቮካዶ ዛፍ ይዞራሉ። ከጅጋ አስፋልት እስከ እማሆይ ደጅ ያለውን መንገድ በዙር አስልተውታል። «ድልድዩ ጋ ነን፣ ያዢኝ» ይላሉ፤ እትዬ ወገባቸውን ጭምቅ። እትዬ ደግሞ የኔን የቆርቆሮ አጥር እያዩ፣ መንገዱ ዳር ያለው የአጎታቸው ልጅ በቆሎ ዘንድሮ እንዴት እንዳማረ ያወራሉ። መጀመሪያ በሣቅ ሞቼ ነበር። እየቆየ ግን አላስቀኝ አለ።

ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ጎመን ልቀነጥስ ወጥቼ ሳለ፣ ሳጅን ዙራቸውን ጨርሰው ፍሬን ያዙ።

«በይ ደርሰናል» አሏቸው።

ሌላ ቀን እትዬ ይወርዱና ይሳሳቃሉ። ያን ቀን አልወረዱም። ግራ ቀኙን አዩ... ከዚያ ቀስ ብለው፦

«ታዲያ እሷ የታለች?»

ሳጅን ወርደው ቁልፋቸውን አምጥተው የባትሪውን ብሎን ፈቱ፣ ሣጥኑን ተሸክመው እኔ ደጅ መጡ።

«ስንዱ፣ ይህን ያዢልኝ። ባትሪ ከሌለው ተራ ሳይክል ነው። ተራ ሳይክል ታርጋ አይጠየቅም።»

«ዳገቱስ ጋሼ?»

«እገፋዋለሁ።»

አስቡት እንግዲህ... ያን ሁሉ ወር የለፉበት ሞተር ለዚያ ዳገት ነበር። ሳይክሉን ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አስጭነው፣ እትዬን ከሹፌሩ ጎን አስቀምጠው ወደ ጅጋ ሄዱ። እኔ ባትሪውን እንዳቀፍኩ በሩ ላይ ቀረሁ። ባለቤቴ በሕይወት ሳለ ቡሬ እናቴ ጋ አድርሰኝ እለው ነበር። እሱ ነገ ይላል፣ እኔም እሺ ነገ እላለሁ... አሁን እናቴም የለች፣ እሱም የለ። ባትሪው ደግሞ ለካ ይከብዳል።

ትናንት ሁለት ሰው መጣ። መጀመሪያ ያ የቢሮው ባለሙያ፤ ደብዳቤ ይዞ በእግሩ መጥቶ፣ ሳጅንን ሲያጣ የኔን በር አንኳኳ። ፔዳሉ እስከሠራና ፍጥነቱ ከተራ ሳይክል እስካልበለጠ ድረስ እንደ ሳይክል ይታያል፣ ከነባትሪው ያለ ታርጋ ይንዱት ተብሏል። ደስ ስለሚላቸው ዛሬውኑ ይንገሩልኝ ብሎኝ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ከነእማሆይ ሰፈር ለገበያ የመጣች ሴትዮ መልእክት ይዛ ደረሰች። መንገድ ላይ ያገኛቸው ሁሉ ተበላሸባችሁ ወይ እያለ ሲያዝንላቸው፣ ሳጅን እየቆሙ «አልተበላሸም፣ ፈቃድ እየጠበቀ ነው» ሲሉ ውለዋል አሉ። እማሆይ የእትዬን ፊት በእጃቸው ዳስሰው፣ ከስተሻል ብለው አለቀሱ። ከዚያ ወዲህ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው የሚውሉት። ሳጅን ወገባቸውን ይዟቸው ጋደም ብለዋል፤ ፈቃዱ የወጣ ዕለት ባትሪውን በሰው ላኪልኝ፣ ወዲያው እንመለሳለን ብለዋል።

ሴትዮዋ ተሰናብታኝ ጥቂት ራመድ አለችና ተመለሰች። እትዬ ለብቻዬ የላኩብኝ ነበር።

«ስንዱ ሙች፣ ፈቃዱ ወጥቶ ከሆነ ለሳጅን አትንገሪው። ትንሽ ይዘግይልኝ።»

ደብዳቤው ቡፌዬ ውስጥ ነው... እናንተም አደራ፣ እንዳትነግሩብኝ።