የአባቴ የእንግዶች መዝገብ

አባቴ ማንበብ እንደማይችል ያወቅኩት ሦስተኛ ክፍል እያለሁ ነው። ጠዋት ጠዋት ዳዊቱን ከራስጌው አንስቶ፣ ቆሞ ይደግም ነበር። ገጽ ይገልጣል፣ ጣቱን በመስመሩ ላይ ያስኬዳል፣ ድምፁ አንድም ቦታ አይደናቀፍም። አንድ ቀን ጎበዝ መሆኔን ላሳየው ብዬ ከጎኑ ቆሜ በዓይኔ ተከተልኩት። ከአፉ የሚወጣው ሌላ፣ ገጹ ላይ ያለው ሌላ። እሱ ገና የመጀመሪያው መዝሙር ላይ ነው፣ መጽሐፉ የተገለጠው መሃሉ ላይ ነው። ዳዊትን በልጅነቱ ከአያቴ አፍ እየሰማ በቃሉ ይዞታል እንጂ አንብቦት አያውቅም። ለማንም አልተናገርኩም። ለእሱ ያፈርኩለት ይመስለኛል።

እናቴም ታውቅ ነበር። ወረቀት ወደ ቤት በመጣ ቁጥር «እስቲ ስማኝ፣ እንዲህ ይላል፤ አንተ ምን ትላለህ?» እያለች፣ ምክር የምትጠይቅ መስላ ታነብለታለች። ሦስታችንም ያንኑ ምስጢር ይዘን፣ አንዳችን ለአንዳችን ሳንናገር ኖርን።

አባቴ ካዛንቺስ አንድ የቢሮ ሕንፃ በር ላይ ጥበቃ ነው። ወደ ሕንፃው የሚገባ እንግዳ ስሙ፣ የሚሄድበት ቢሮና የመጣበት ምክንያት መዝገብ ላይ መስፈር አለበት። ደፋርና ጭስ መውጫ አያጣም፤ አባቴ በተቀጠረ ሳምንት እስክሪብቶውን በሁለት እጁ ለእንግዳው ማቅረብ ጀመረ። «ስምዎን እኔ ከማበላሸው እርስዎ ይጻፉት» ይላል ጎንበስ ብሎ። ሰው ሁሉ ትሕትና መስሎት ወደደለት። ታክሲውንም ረዳቱ «ካዛንቺስ! ካዛንቺስ!» እያለ ይጠራለታል። እንዲህ እያለ ዓመታት አለፉ።

ባለፈው ዓመት ሰኔ ማለቂያ ላይ ለሕንፃው አዲስ ኃላፊ መጣ። መዝገቡን አገላበጠና የእንግዶቹ ጽሑፍ አይነበብም አለ። ከመስከረም ጀምሮ ጥበቃው መታወቂያ እያየ ራሱ ይጽፋል፣ እንግዳው አንብቦ ይፈርማል። ያን ቀን አባቴ ሰንጋ ተራ ያለው ቤታችን ገብቶ ጫማውን እያወለቀ፣ «በቃ፣ ሥራውን ልተወው ነው። ጉልበቴም ደክሟል» አለ።

«ትናንት አራት ፎቅ በሩጫ የወጣኸው በማን ጉልበት ነው?» አለች እናቴ።

በማግስቱ በረንዳ ላይ ብቻውን አገኘሁት።

«አባዬ፣ እኔ አውቃለሁ።»

«ምኑን?»

«የዳዊቱን ነገር።»

ወደ መንገዱ ዞረ። «ከመቼ ጀምሮ?»

«ከሦስተኛ ክፍል።»

«እና አስተማሪ ሆነሽም ዝም አልሽ?»

እውነቱን ነው። የሰው ልጅ ፊደል እያስቆጠርኩ ደሞዝ የምበላ ሴት፣ የገዛ አባቴን ከነጭንቀቱ ትቼው ስኖር ክብሩን የጠበቅኩለት ይመስለኝ ነበር። በራሴ ተናደድኩ። ልናገር ስል ጣቱን አነሳ። «እሺ፣ አስተምሪኝ፤ ግን ማንም እንዳያይ። የሕንፃው ሰው ከሰማ እዚያ በር ላይ አልቆምም።»

እግዜር ሳይደግስ አይጣላም፤ ትምህርት ቤት ተዘግቶልኝ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ምሳ ቋጥሬ እየሄድኩ በጥበቃ ቤቷ ውስጥ አስተማርኩት። ለሚያየን ሰው አባቷን የምታበላ ልጅ ነበርኩ።

የጀመርኩት በስህተት ነው። የሚያውቀውን ይሻላል ብዬ ዳዊቱን ይዤ ሄድኩ። የመጀመሪያዋን ቃል ስጠቁመው አፉ ቀድሞ ሙሉውን መዝሙር ይወርደዋል፤ ዓይኑ ፊደሉን የሚያይበት ጊዜ የለውም። «አቁም!» እላለሁ፣ አይቆምም። በአምስተኛው ቀን ተጣላን። «የራሴን ጸሎት አታስረሺኝ!» ብሎ ምሳውን ሳይበላ ወጣ።

በቃሉ የማያውቀው ጽሑፍ ያስፈልገኝ ነበር። ያለው ደግሞ አጠገባችን ነው፤ ያ የእንግዶች መዝገብ። የስንቱ ሰው የእጅ ጽሑፍ አለበት! ዝናቡ ቆርቆሮውን እየደበደበ፣ እኛ ሁለታችን ስም በስም ወረድን። አንዳንዱን ሰው ከፊደሉ ለየው። «ይሄ ያ ሁልጊዜ የሚቸኩለው ነው፤ ፊደሉም እንደሱ ይሮጣል» ይላል። ኃላፊው የረገመው መጥፎ ጽሑፍ ለአባቴ ጥሩ አስተማሪ ሆነለት። ነሐሴ ላይ የታክሲውን ታፔላ ከረዳቱ ቀድሞ አንብቦ እየሳቀ መጣ። መጻፉ ግን ዘገየ። እጁ ላይ እስክሪብቶው ይከብደዋል፤ ጳጉሜን ላይም ስለ አዲሱ ዓመት ሳይሆን ስለ በሩ ነበር የሚያስበው።

ከእንቁጣጣሽ በኋላ በመጀመሪያው የሥራ ቀን ምሳውን ይዤ ሄድኩ። በሩ ላይ ሰው ተሰልፏል። አልፌ ልገባ ስል እጁን ዘረጋ።

«መታወቂያ!»

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም። መታወቂያዬን ሰጠሁትና ተራዬን ያዝኩ። ሲደርሰኝ መጻፍ ጀመረ፤ ምላሱን ጥርሱ መሃል ይዞ፣ እንደ ተማሪዎቼ። ከኋላዬ ያሉት ሽማግሌ ሰዓታቸውን አዩ። ስሜን ጨርሶ፣ ቀጥሎ የአባት ስም ብሎ የራሱን ሲጽፍ ትንሽ ፈገግ አለ። ከዚያ ወደ መጨረሻው ዓምድ አለፈ። እዚያ ላይ በጣም ቆየ።

መዝገቡን ወደ እኔ አዞረው። «አንብቢና ፈርሚ።»

የመጣበት ምክንያት በሚለው ሥር፣ ለስብሰባና ዕቃ ለማድረስ ከመጡት ሰዎች ዝቅ ብሎ፣ በተንጋደደ ፊደል «አባቷን ማንበብ ልታስተምር» ይላል።

ቀና ብዬ አየሁት። «አባዬ፣ ሰው እኮ ያየዋል።»

«ይየው።»

ፈረምኩ። አባቴ የሽማግሌውን መታወቂያ ተቀብሎ ከእኔ ሥር ጻፈላቸው፤ ከዚያም አንብበው እንዲፈርሙ መዝገቡን ወደ እሳቸው አዞረው።