በቃለ ጉባኤ የጸደቀ ቁጣ

ጠባይ ከእናት ጡት ጋር ይጠባል የሚሉ ሰዎች አሉ። እኔ የእናቴን ጡት አልወቅስም፤ የእኔ ጠባይ በቃለ ጉባኤ የጸደቀ ነው።

በደርግ ጊዜ ናዝሬት ውስጥ የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነበርኩ። በመሥሪያ ቤታችን ሐሙስ ሐሙስ ሂስና ግለሂስ ነበር፤ ሁሉም በየተራ ተነሥቶ ጉድለቱን ይናዘዛል። ጉድለት የለኝም ማለት ከጉድለት ሁሉ የከፋ ነው። ሰነፍ ነኝ ብል ከሥራ መባረር አለ፤ ጠጪ ነኝ ብል የግምጃ ቤቱ ኃላፊ ይሰማሉ፤ እኔ ደግሞ የእሳቸውን ልጅ ለማግባት እየተዘጋጀሁ ነበር። የቀድሞ ወታደር ስለሆኑ ቁጣ የሚያከብሩ መሰለኝ።

"ጓዶች፣ ቁጡ ነኝ" አልኩ። ዶሮ እንኳ "እሽ" ብዬ አላውቅም።

ጸሐፊው መዘገበው። የቀረውን ከተማው ጨረሰው። ዘበኛው ከሩቅ ሲያየኝ በር ይከፍታል። ጋሪ ነጂው አፌን ሳልከፍት "ይግቡ ጌታዬ፣ አይቆጡ" ይለኛል። የቀበሌ ሱቅ ሻጩ ሰልፉን አቁሞ "እሱን ቶሎ ሸኙት፣ ሳይነሳበት!" ብሎ ስኳሬን ያሰጠኛል። ሰው ሁሉ በነጻ እየፈራህ ለስላሳ ሆኖ መቆየት ይከብዳል። መጀመሪያ ግንባሬ ተቋጠረ፤ ቀጥሎ ድምፄ ወፈረ፤ በመጨረሻ እውነትም ደሜ የሚፈላ መሰለኝ።

ሽማግሌዎች ብልክ የግምጃ ቤቱ ኃላፊ "ልጄን ለቁጡ አልሰጥም፤ ከገዛ አፉ ሰምቻለሁ" ብለው መለሷቸው።

በሚቀጥለው ሐሙስ ተነሥቼ "ጓዶች፣ ያኔ ዋሽቻለሁ፤ ቁጡ አይደለሁም" አልኩ።

ሰብሳቢው ፈገግ አለ። "ጓድ መሻሻል ጀምሯል። ይመዝገብ።"

"ምን መሻሻል! ድሮም አልነበርኩም!"

"ተረጋጋ፣ ጓድ።"

"ተረጋግቻለሁ አልኩ እኮ!" ጠረጴዛውን ስመታው የጸሐፊው ሻይ ቃለ ጉባኤው ላይ ተደፋ። ትዳሬም አብሮ የፈሰሰ መሰለኝ።

ስንወጣ ኃላፊው ክንዴን ያዙኝ። "ስማ አንተ፣ ስኳር ሳትሰለፍ ነው አሉ የምትወስደው?"

"አዎ ጋሼ፤ ግን ማንንም ተናግሬ አላውቅም..."

"ባለቤቴ ትናንት ከጠዋት ጀምሮ ተሰልፋ ባዶ እጇን ተመለሰች።" ትንሽ አሰቡ። "ሽማግሌዎቹን እሑድ መልሰህ ላካቸው።"

ዛሬ ስኳር በየሱቁ ሞልቷል። እኔ ግን እስከ አሁን ግንባሬን ፈትቼ አማቴ ቤት ገብቼ አላውቅም፤ ሰውየው ልጃቸውን የሰጡኝ አምነውኝ ነው።